ለአዲሱ ዓመት ዕቅድ ማውጣት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ቡሄ አልፎ የፍልሰታ ጾም ሲፈታ፣ ከአራት ኪሎ እስከ ሜክሲኮ ባሉት ቢሮዎችና ቡና ቤቶች የሁሉም ሰው ጨዋታ ወደ በዓሉ ወጪና ወደ ትምህርት ቤት ክፍያ ያመራል። በዚያው ጨዋታ መካከል አንድ ሰው ዝቅ ባለ ድምፅ «በአዲሱ ዓመትስ እንዲህ ላደርግ አስቤአለሁ» ማለቱ አይቀርም። ከዚህ በታች ያሉት ጥያቄዎች በዚህ ወቅት ከሥራ ባልደረቦች፣ ከጎረቤትና ከዘመድ በየዓመቱ የሚቀርቡልኝ ናቸው። መልሶቼ ሁሉ ከአንድ እምነት ይነሣሉ፦ የአዲስ አበባ ሰው ዕቅድ የሚጸናው ሰውዬው የሚኖርበትን ዓመት ተከትሎ ሲወጣ ነው። ዓመታችን የራሱ ዝናብ፣ የራሱ ጾም፣ የራሱ የሠርግ ወራትና ኪስ የሚራቆትበት የራሱ ጊዜ አለው። ይህን ያላገናዘበ ዕቅድ ብዙውን ጊዜ መስቀል ሳይደርስ ይፈርሳል።

በየዓመቱ አቅዳለሁ፣ በየዓመቱ አይሳካልኝም። ማቀዱ ራሱ ፋይዳ አለው?

አለው። በአሜሪካ የስክራንተን ዩኒቨርሲቲ የሥነ ልቦና ተመራማሪ የሆኑት ጆን ኖርክሮስና ባልደረቦቻቸው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2002 ባሳተሙት ጥናት ሁለት ዓይነት ሰዎችን አነጻጽረዋል። ሁሉም በሕይወታቸው አንድ ነገር መለወጥ ይፈልጋሉ፤ ልዩነታቸው ግማሾቹ ለአዲሱ ዓመት ቁርጥ ውሳኔ ማድረጋቸው፣ የቀሩት ደግሞ ጉዳዩን ለሌላ ጊዜ ማቆየታቸው ነበር። ከስድስት ወር በኋላ ከወሰኑት መካከል 46 በመቶው ጸንተው ተገኙ። ካልወሰኑት መካከል የተሳካላቸው 4 በመቶ ብቻ ናቸው።

እርግጥ ነው፣ ከወሰኑትም ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ጥለውታል። ይሁን እንጂ «አቅዶ ያልተሳካለት ካላቀደው በምን ይሻላል?» ለሚል ሰው ይህ ቁጥር በቂ መልስ ነው። ባለፈው ዓመት አለመሳካቱ የሚነግርዎት ነገር ቢኖር ዕቅዱ የወጣበትን መንገድ መመርመር እንደሚያስፈልግ ነው። ሰዎች ቶሎ ብለው «እኔ ደካማ ነኝ» ወደሚለው ፍርድ ሲሄዱ ማየት ያሳዝነኛል፤ ከአሥሩ ዘጠኙን ጊዜ ጥፋቱ ያለው ወረቀቱ ላይ ነው።

መስከረም 1 ቀን ይሻላል ወይስ የፈረንጆቹ ጃንዋሪ?

ዓመቱ ተለወጠ ብሎ ልብዎ የሚያምንበት ቀን ይሻላል። ይህ ስሜት ብቻ አይደለም። በፔንሲልቬኒያ ዩኒቨርሲቲ የተሠራና እንደ እነርሱ አቆጣጠር በ2014 የታተመ ጥናት ሰዎች በሳምንቱ፣ በወሩና በዓመቱ መጀመሪያ ላይ ወደ ስፖርት ማዘውተሪያ የመሄድና ስለ አመጋገብ መረጃ የመፈለግ ዝንባሌያቸው ከፍ እንደሚል አሳይቷል። አዲስ ጅማሬ የሚመስል ቀን ሰውን ከትናንት ማንነቱ ትንሽ ያርቀዋል።

ለእኛ ይህን ጉልበት ያለው መስከረም ነው። ዝናቡ ይቀንሳል፣ ሰማዩ ይጠራል፣ ልጆች አዲስ ክፍል ይገባሉ፣ በየመንገዱ ዳር አደይ አበባና ለምለም ሣር ይሸጣል። ጃንዋሪ 1 ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ታኅሣሥ 23 ቀን ላይ ይውላል፤ ብዙ ሰው የገናን ጾም ሊፈታ ቀን የሚቆጥርበት ሳምንት ነው። ዓለም አቀፍ ድርጅት ውስጥ የሚሠሩ፣ የሥራ ዘመናቸው በፈረንጆች የሚቆጠር ሰዎች የሥራ ዕቅዳቸውን በጃንዋሪ ቢያወጡ ትክክል ነው። የመንግሥት መሥሪያ ቤት የበጀት ዓመት ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 በመሆኑ እነርሱም የቢሮ ዕቅዳቸውን በሐምሌ ጨርሰዋል። የቤትዎንና የራስዎን ጉዳይ ግን ለመስከረም ይተዉለት።

በጳጉሜን ምን ልሥራ?

ይህን ጥያቄ የሚያነሡ ሰዎች ጥቂት ናቸው፤ ለእኔ ግን ከሁሉም የሚበልጠው እርሱ ነው። ጳጉሜን አምስት ቀን፣ በአራት ዓመት አንድ ጊዜ በዘመነ ሉቃስ ስድስት ቀን ናት። ለምሳሌ 2019 ዓ.ም. ዘመነ ሉቃስ ስለሆነ ጳጉሜን ስድስት ትሆናለች፤ በዚህም ምክንያት የ2020 መስከረም 1 በፈረንጆች ሴፕቴምበር 12 ቀን ይውላል። ከአሥራ ሁለቱ ወራት ውጭ የቆመች አጭር ጊዜ ናት። የጥንት አባቶችና እናቶች ጾመውባታል፣ ጸልየውባታል፤ ዛሬም በጳጉሜን 3 በሩፋኤል ልጆች በዝናብ ይታጠባሉ። ሰውነት የሚታጠብባትን ያህል ሐሳብም የሚጸዳባት ብትሆን እወዳለሁ።

የምመክረው ይህን ነው። በጳጉሜን ስለሚመጣው ዓመት አንዲት ቃል አይጻፉ፤ ያለፈውን ብቻ ይመርምሩ። አንድ ምሽት ገንዘብዎን ይዩ፤ የባንክ ሒሳብዎን መግለጫ ያስወጡ፣ የቴሌብር ዝርዝርዎን ከመስከረም ጀምሮ ወደ ታች ያንብቡ። ብሩ በእርግጥ የት እንደሄደ በዓይን ማየት ከማንኛውም ምክር ይበልጣል። ብዙ ሰው የሚደነግጠው በትልቁ ወጪ አይደለም፤ በየቀኑ በምትወጣው ትንሿ ነው።

በሌላው ምሽት የስልክዎን የጥሪ ዝርዝር ይክፈቱ። ዓመቱን ሙሉ ያልደወሉላቸው፣ ሊደወልላቸው ግን የሚገባ ሰዎችን ስም ይጻፉ። አንዳንዱ ስም ዓይን ውስጥ እንባ ያመጣል፤ ምክንያቱም ለመደወል አሁን የሚቻል አይደለም። ለቀሩት ግን ጊዜ አለ። የእንቁጣጣሽ ዕለት «እንኳን አደረሰህ» ለማለት መደወል ከበቂ በላይ ምክንያት ነው፤ የተቀየሙትንም ቢሆን በዚያ ቀን ስልክ ሲደውሉ የሚገረም ሰው የለም።

ከዚያ የተደሰቱባቸውን ቀናት ያስታውሱ። የት ነበሩ? ከማን ጋር? ምን እያደረጉ? ይህን የሚዘነጋ ሰው ዕቅዱን በሙሉ በቅጣት ይሞላዋል፤ አልበላም፣ አልጠጣም፣ አላይም፣ አልወጣም። ደስ ያለዎትን ነገር ማብዛትም ዕቅድ ነው።

ስንት ዕቅድ ልያዝ?

አንድ። ቢበዛ ሁለት፤ ሁለተኛው ከመጀመሪያው የቀለለ ይሁን።

እንዴት አድርጌ ልጻፈው?

ቀን፣ ሰዓትና ቦታ ይስጡት። የሥነ ልቦና ምሁሩ ፒተር ጎልዊትዘር ለብዙ ዓመታት ያጠኑት ነገር ይህ ነው፦ «አደርጋለሁ» ብቻ ከሚል ሰው ይልቅ «እንዲህ ሲሆን እንዲህ አደርጋለሁ» ብሎ የወሰነ ሰው የመፈጸም ዕድሉ ከፍ ያለ ነው። ምክንያቱም ጊዜው ሲደርስ እንደገና ከራስ ጋር መከራከር አይኖርም፤ ክርክሩ ቀድሞ አልቋል።

«ዘንድሮ እንግሊዝኛዬን አሻሽላለሁ» የሚለውን እንውሰድ። ይህ ምኞት ነው፤ ማክሰኞ ዕለት ምን እንደሚያደርጉ አይናገርም። «ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ ከሥራ ወጥቼ የትራንስፖርት ሰልፉ እስኪቀንስ ድረስ አራት ኪሎ በሚገኘው ቡና ቤት ተቀምጬ አንድ ገጽ አነባለሁ፣ የማላውቃቸውን ቃላት እጽፋለሁ» ቢሉ ግን ለራስዎ ትእዛዝ ሰጡ ማለት ነው። በመሃል ከተማ የምንሠራ ሰዎች ከሥራ መውጫ በኋላ በሰልፍ የምናጠፋውን ጊዜ ሁልጊዜም እናማርረዋለን። ይህ ጊዜ በየቀኑ፣ በተመሳሳይ ሰዓት፣ በተመሳሳይ ቦታ ይመጣል፤ ልማድ የሚተከለው እንዲህ ባለ ቦታ ላይ ነው።

ሁለተኛው ነገር፣ «አላደርግም» ከሚለው ይልቅ «አደርጋለሁ» የሚለውን ያስበልጡ። በስዊድን 1,066 ሰዎችን ለአንድ ዓመት ተከታትሎ በ2020 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የታተመ ጥናት አንድ ነገር ለመጀመር ያቀዱት 58.9 በመቶ ሲሳካላቸው፣ አንድ ነገር ለመተው ያቀዱት 47.1 በመቶ እንደተሳካላቸው አግኝቷል። «ማታ ማታ ስልክ አልነካም» ያለ ሰው ባዶ እጁን ይቀመጣል። «ከእራት በኋላ ስልኬን ሳሎን ትቼ ከልጄ ጋር የቤት ሥራ እሠራለሁ» ያለው ግን እጁ ሥራ አገኘ።

መቆጠብ እፈልጋለሁ። መስከረም 1 ልጀምር?

አይጀምሩ። ይህን ስል ብዙ ሰው ይገረማል፤ ነገር ግን የመስከረምን ኪስ እንመልከት። በኢትዮጵያ አቆጣጠር ደመወዝ የሚከፈለው ሠራተኛ ለጳጉሜን የተለየ ክፍያ የለውም፤ ስለዚህ ከነሐሴ ደመወዝ እስከ መስከረም ደመወዝ ያለው ርቀት 35 ቀን፣ በዘመነ ሉቃስ 36 ቀን ነው። በዓመቱ ውስጥ ከሁሉም የረዘመው ወር ይህ ሲሆን፣ የበዓሉ በግና ዶሮ፣ ቅቤው፣ ዩኒፎርሙ፣ ደብተሩ፣ የምዝገባው ክፍያ የሚወድቀውም በዚሁ ላይ ነው። ወዲያው መስቀል ይከተላል። በዚህ ወር ቁጠባ የሚጀምር ሰው በሁለተኛው ሳምንት ያወጣዋል፤ ካወጣው በኋላ ደግሞ ራሱን «መቆጠብ የማይችል ሰው» ብሎ ይሰይመዋል። ያሳዝናል፤ የተሳሳተው ወሩን ሲመርጥ ብቻ ነበር።

በመስከረም ያስቡ፣ በጥቅምት ደመወዝ ይጀምሩ። ሲጀምሩም ከወጪ የተረፈውን ለማስቀመጥ አይጠብቁ፤ አይተርፍም። ደመወዙ በገባ ዕለት ባንኩ የተወሰነ ብር ወደ ሌላ ሒሳብ በየወሩ እንዲያዛውርልዎ ይጠይቁ። መጠኑ በጣም ትንሽ ቢመስልዎትም አይናቁት፤ በመጀመሪያዎቹ ወራት የሚቆጠበው ከብሩ ይልቅ ልማዱ ነው።

ባንክ ይሻላል ወይስ እቁብ?

የራስዎን ጠባይ ይጠይቁ። ባንክ የሚቀመጥ ብር ወለድ አለው፤ ብሔራዊ ባንክ ከ2010 ዓ.ም. ጀምሮ ለቁጠባ ዝቅተኛውን ወለድ በ7 በመቶ ወስኗል። ወለድ ለማይወስዱ ሰዎችም ከወለድ ነፃ አገልግሎት በየባንኩ አለ። ሆኖም ባለፉት ዓመታት የዋጋ ንረቱ ከዚህ ወለድ በእጅጉ በልጦ ስለቆየ፣ ብርን በባንክ ብቻ ለረጅም ጊዜ ማስተኛት የሚያመጣው ጥቅም ውስን ነው። ከዚህም በላይ ከባንክ ማውጣት በጣም ቀላል ሆኗል፤ በስልክ ሁለት ጊዜ መንካት ይበቃል።

እቁብ ወለድ አይከፍልም፤ የሚሰጠው ሌላ ነገር ነው። የሚጠብቅዎ ሰው አለ። የእቁቡ ቀን ሲደርስ «ዛሬ አልተመቸኝም» ማለት ያሳፍራል፤ ብቻዎን ሲሆኑ የማይጸናውን እጅ ይህ ሐፍረት ያጸናዋል። ለራሳቸው እጅ የማይጠነክሩ ሰዎች በእቁብ ቢጀምሩ እመርጣለሁ። ዕጣው ሲወጣ ገንዘቡ በአንድ ጊዜ ጠርቀም ብሎ ስለሚመጣም ለፍሪጅ፣ ለኮምፒውተር ወይም ለዓመት የቤት ኪራይ ክፍያ ይመቻል።

ነገር ግን ዳኛውንና ጸሐፊውን የማያውቁበት፣ ዕጣ ለወጣለት ሰው ዋስ የማይጠየቅበት እቁብ ውስጥ አይግቡ። በሥራ ቦታዎ ወይም በሰፈርዎ ካሉ፣ ቤታቸውን ከሚያውቋቸው ሰዎች ጋር ይሁን። ዕጣው ከመውጣቱ በፊትም ገንዘቡ ለምን እንደሚውል በወረቀት ይጻፉ፤ የእቁብ ብር እጅ ከገባ በኋላ የሚወሰንበት ውሳኔ አብዛኛውን ጊዜ ጥሩ አይሆንም።

ስፖርት ለመጀመር ማዘውተሪያ ቤት መክፈል አለብኝ?

የለብዎትም። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው የሚመክረው ዝቅተኛ መጠን በሳምንት 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ነው። ይህም በሳምንት አምስት ቀን የግማሽ ሰዓት ፈጣን እርምጃ ማለት ነው። በመሃል አዲስ አበባ ይህን ለማድረግ ብር አያስፈልግም። ጠዋት ገና ሳይነጋ መስቀል አደባባይ ቢሄዱ ደረጃውን የሚሮጡ ወጣቶች፣ ፎጣ አንገታቸው ላይ ጥለው በእርጋታ የሚራመዱ አዛውንቶች፣ በቡድን የሚዘሉ ሴቶች ያገኛሉ። ማንም ማንንም አይመለከትም፤ ጀማሪ ሰው የሚያፍርበት ምክንያት የለም። ጃን ሜዳም በስድስት ኪሎ በኩል ለሚኖሩ ቅርብ ነው።

ጠዋት መነሣት የማይችል ሰው ከታክሲ ቀደም ብሎ ይውረድ። ከለገሃር ቸርችል ጎዳናን ይዞ ወደ ፒያሳ መውጣት ግማሽ ሰዓት ያህል የሚወስድ ዳገት ነው፤ ልብን በደንብ ያሠራል። በኮሪደር ልማቱ የሰፉት የእግረኛ መንገዶች ደግሞ በብዙ ቦታ እግርን ከመኪና አላቀውታል። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ መሆኗን አይርሱ፤ በመጀመሪያው ሳምንት ትንፋሽ ቢያጥርዎ ተፈጥሯዊ ነው፣ ቀስ ብለው ይሂዱ። የልብ ሕመም፣ የደም ግፊት ወይም የስኳር ሕመም ያለበት ሰው ግን አስቀድሞ ሐኪሙን ያማክር።

ግብ የሚያስፈልገው ሰው በ1994 ዓ.ም. የተጀመረውን ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያን ያስብ። ርቀቱ 10 ኪሎ ሜትር ሲሆን አብዛኛውን ጊዜ በኅዳር ወር ይካሄዳል፤ ከእንቁጣጣሽ ማግስት ተነሥቶ ለሚለማመድ ሰው በቂ ጊዜ አለው። ሮጦም ተራምዶም መጨረስ ይቻላል።

ብዙ መጻሕፍት ማንበብ እፈልጋለሁ፤ መጽሐፍ ግን ተወዷል።

ስለዚህ አይግዙ፤ ሄደው ያንብቡ። አራት ኪሎ ከፓርላማው ፊት ለፊት ያለው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ከ2014 ዓ.ም. ጀምሮ ለሕዝብ ክፍት ነው። የቆዩ የአማርኛ መጻሕፍትንና ጋዜጦችን ለሚሹ ደግሞ ወመዘክር፣ ማለትም ብሔራዊ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት፣ አለ። «ሃምሳ መጽሐፍ አነባለሁ» ከማለት «ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሁለት ሰዓት ቤተ መጻሕፍት እቀመጣለሁ» ማለት ይሻላል፤ ያኔ ወፍራም መጽሐፍ አያስፈራዎትም።

ሲጋራ፣ ጫት ወይም መጠጥ ለመተው ምን ላድርግ?

ይህን ለብቻው ያቅዱት፤ በአንድ ዓመት ከሌላ ትልቅ ዕቅድ ጋር አይደባልቁት።

የኒኮቲን ሱስ ምልክቶች፣ ማለትም ብስጭቱ፣ እንቅልፍ ማጣቱና ጥማቱ፣ በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ቀናት ይበረታሉ፤ ከዚያ በሳምንታት ውስጥ እየቀለሉ ይሄዳሉ። ስለዚህ የማቆሚያ ቀንዎን ከበዓል ግርግር ውጭ ይምረጡ። እንቁጣጣሽና መስቀል ሰው የሚሰበሰብባቸው፣ ብርጭቆ የሚዞርባቸው ቀናት ናቸው። በመስቀል ማግስት ያለው ሰኞ የተሻለ ቀን ነው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ሕዝብ በሚገለገልባቸው ቤቶች ውስጥ ማጨስን ስለሚከለክል፣ ጓደኞችዎን ስትገናኙ ከደጅ ይልቅ ውስጥ እንዲቀመጡ ይጠይቋቸው፤ ሕጉ ያግዝዎታል።

መጠጥን በተመለከተ ግን በአጽንዖት የምናገረው አለ። በየቀኑ ብዙ የሚጠጣ፣ ጠዋት እጁ የሚንቀጠቀጥ ሰው በአንድ ቀን በድንገት ማቆም ለሕይወቱ አደገኛ ሊሆንበት ይችላል። በሐኪም ክትትል ያድርገው። በአዲስ አበባ አማኑኤል ስፔሻላይዝድ የአእምሮ ሆስፒታልን የመሰሉ ተቋማት የሱስ ሕክምና ይሰጣሉ። «የአእምሮ ሆስፒታል ታየ» ይባልልኛል ብለው የሚቀሩ ሰዎች አሉ፤ እባክዎ በዚህ ምክንያት አይቅሩ። በጸበልና በጸሎት የሚያምኑ ሰዎችም ሁለቱን ጎን ለጎን ማስኬድ ይችላሉ፤ መድኃኒቱን ሳያቋርጡ።

ስለት ብገባበትስ?

ስለት ከፈጣሪ ጋር የሚደረግ ስለሆነ እንደ ማስታወሻ ደወል አይጠቀሙበት። ልማድ ሲተከል መሳሳት አይቀርም፤ በስለት የታሰረ ሰው አንድ ቀን ሲስት ከድካሙ ላይ የበደለኝነት ሸክም ይጨመርበታል። ልብዎ ወደዚያ ካዘነበለ አስቀድመው ከንስሐ አባትዎ ጋር ይነጋገሩ፤ ሙስሊም ከሆኑም ስለ ነዝር የሚያውቁ ሰው ይጠይቁ።

ጾሙና በዓላቱ ዕቅዴን እያቋረጡብኝ ተቸገርኩ።

ቀን መቁጠሪያውን ዘርግተው አስቀድመው ምልክት ያድርጉባቸው። መስከረም 17 መስቀል ነው። የነቢያት ጾም ኅዳር 15 ይገባል፣ በገና ይፈታል። ጥር 11 ጥምቀት ነው፤ ከዚያ እስከ ዐቢይ ጾም ባሉት ሳምንታት የሠርግ ጥሪ ይበዛል፣ ስጦታውም ልብሱም ብር ይወስዳል። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው። ረመዳን በጨረቃ አቆጣጠር ስለሚሄድ በየዓመቱ ካለፈው ዓመት በአሥር ወይም በአሥራ አንድ ቀን ያህል ቀደም ብሎ ይገባል።

ይህን ሲያዩ ጾሙ እንቅፋት ከመሆን ይልቅ ደጋፊ ሊሆን እንደሚችል ይገነዘባሉ። ረቡዕና ዓርብን ጨምሮ በዓመቱ ውስጥ ሰውነታቸውን ለማዘዝ ይህን ያህል የለመዱ ሰዎች «ፈቃደ ጠንካራ አይደለሁም» ሲሉ አይገባኝም። ጣፋጭ መቀነስ፣ ስልክ መቀነስ፣ ጠዋት መነሣት የሚፈልግ ሰው ከጾሙ መግቢያ ጋር ያያይዘው። በጾም ወቅት ስፖርቱን ጠዋት ሳይሆን ከምግብ በኋላ ወዳለው ሰዓት ማዛወር፣ በሠርግ ወራት ደግሞ የቁጠባውን መጠን ዝቅ ማድረግ ነው፤ ሙሉ በሙሉ ማቆም ግን አያስፈልግም።

ዕቅዴን ለሰው ልንገር ወይስ በልቤ ልያዘው?

«ያወሩት አይሆንም» የሚሉ ሰዎች አሉ፤ ዓይን ይፈራሉ። ሌሎች ደግሞ በማኅበራዊ ሚዲያ ለሁሉም ያውጃሉ። የእኔ ምክር ለአንድ ሰው ይንገሩ የሚል ነው። የሚያሾፍ፣ የሚፎካከር ወይም ለሌላ የሚያወራ ሰው አይሁን። በየሳምንቱ «እንዴት ሆነ?» ብሎ የሚጠይቅ ይሁን። ከላይ የጠቀስኩት የስዊድን ጥናትም ከተሳታፊዎቹ መካከል የተሻለ ውጤት ያገኙት መጠነኛ ድጋፍ የተደረገላቸው እንደሆኑ አሳይቷል። ብዙ ድጋፍ አያስፈልግም፤ ትንሽ ይበቃል።

አንድ ቀን ብስትስ?

በማግስቱ ይቀጥሉ። በለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ፊሊፓ ላሊና ባልደረቦቿ 96 ሰዎችን ተከታትለው አንድ አዲስ ልማድ ሳይታሰብ የሚደረግ እስኪሆን በአማካይ 66 ቀን እንደሚወስድ አግኝተዋል። ከሰው ሰው ያለው ልዩነት ግን በጣም ሰፊ ነው፤ ከ18 ቀን እስከ 254 ቀን ይዘልቃል። በመካከል አንድ ቀን መሳት ልማዱን እንዳላፈረሰውም አይተዋል። መስከረም 1 የጀመረ ሰው 66ኛው ቀኑ ኅዳር 6 ነው። ስለዚህ በመስከረም 20 «አሁንም ይከብደኛል» ብለው ተስፋ አይቁረጡ፤ መክበድ ያለበት ጊዜ ላይ ነዎት።

ከካዛንቺስ ተነሥቼ ሩቅ ሰፈር ገብቻለሁ፤ ኑሮውም ተወዷል። በዚህ ሁኔታ ስለ ዕቅድ ማሰብ ቅንጦት አይሆንም?

ይህን ጥያቄ በጥንቃቄ ልመልሰው እወዳለሁ፤ ምክንያቱም ከፒያሳ፣ ከካዛንቺስና ከሌሎችም የመሃል ከተማ ሰፈሮች ተነሥተው ወደ ዳር የሄዱ ብዙ ናቸው። ለእነርሱ ያለፈው ዓመት የተለወጠው ያለ ዕቅዳቸው ነው። ጎረቤት፣ እድር፣ ልጆች የሚማሩበት ትምህርት ቤት፣ ዱቤ የሚሰጠው የሱቅ ባለቤት፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ሲለወጥ ሰው የሚያዝነው ለግድግዳው ብቻ አይደለም።

ለእርስዎ የዘንድሮው ዕቅድ ብዙ መሥራት ላይሆን ይችላል። አዲሱ ሰፈር ውስጥ ሁለት ጎረቤት ቤት ገብቶ ቡና መጠጣት፣ የእድር አባል መሆን፣ በወር አንድ እሑድ የቀድሞ ጎረቤቶችን መጠየቅ፤ ይህ ዓመቱን የሚሞላ ዕቅድ ነው። የትራንስፖርቱ ሰዓት ስለረዘመ ድካሙ እውነት ነው፤ ማታ ቤት ሲደርሱ ምንም እንዲሠሩ ራስዎን አያስገድዱ፤ የሚሠራ ነገር ካለ ጠዋት ወይም በመንገድ ላይ ይሁን። ከእጅዎ ውጭ ባለው፣ ማለትም በኪራይና በዋጋ ላይ ዕቅድ ማውጣት አይቻልም። በእጅዎ ያለው ግን ከሚያስቡት ይበልጣል ብዬ አምናለሁ።

ልጆቼም ዕቅድ እንዲያወጡ ማድረግ እችላለሁ?

ይችላሉ፤ ልጁ ራሱ ከመረጠው። አበባየሆሽ ስትጨፍር ያገኘችውን ብር ምን ልታደርግበት እንዳሰበች ልጅዎን ይጠይቋት፤ ጥሩ መጀመሪያ ነው። እንግዳ ፊት ግን «አንደኛ ልትወጣ ቃል ገብታለች» አይበሉባት።

ዕቅዱን መቼ ልከልሰው? መቀየርስ ይቻላል?

ይቻላል፣ ይገባልም። ሦስት ጊዜ ይከልሱት፦ በኅዳር መጀመሪያ፣ ከጥምቀት በኋላና ከፋሲካ በኋላ። ሲከልሱ «ፈጸምኩ ወይስ አልፈጸምኩም?» ብቻ አይበሉ፤ «ሰዓቱ ነው ወይስ ቦታው ያልተመቸኝ?» ብለው ይጠይቁ። አብዛኛውን ጊዜ ዕቅዱን ሳይጥሉ ሰዓቱን መቀየር ይበቃል።

የትኛውን መተግበሪያ ልጠቀም?

ለማስታወሻ ደወል የስልክዎ ሰዓት ይበቃል። ለመጻፍ ግን በኢትዮጵያ አቆጣጠር የታተመ የግድግዳ ቀን መቁጠሪያ እመርጣለሁ፤ በዓላቱና አጽዋማቱ አብረው ታትመውበታል፣ የፈጸሙባቸውን ቀናት በእስክሪብቶ ማክበብ ይቻላል፣ የቤት ሰውም ያየዋል። ወጥ ቤት ወይም በር አጠገብ ይስቀሉት፤ መኝታ ቤት ውስጥ ከሆነ ቶሎ ይረሳል።